ሙሉ አርቴፊሻል ጥርስ ልታሰሩ ነው? ከዋጋው በፊት ምራቁንና ድዱን እዩ

እማዬ ሙሉ ጥርስ ስታሰራ ይዣት የምመላለሰው እኔ ነበርኩ፣ እና የገባኝ ነገር የላይኛውና የታችኛው አንድ አይነት እቃ አይደሉም፣ ብሩንም እኩል አታካፍሉት።

የላይኛው ላንቃን ሙሉ ስለሚሸፍን በአማካይ 23 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ያርፋል፣ የታችኛው ግን መሃሉን ምላስ ስለያዘበት 12 አካባቢ ብቻ ነው ያለው፣ ግማሽ በሉት። ምራቅ ደግሞ የሚይዘው በስፋት ነው። እርጥብ መስታወት በሌላ መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ለማንሳት ሞክሩ፣ እምቢ ይላል፣ ጥርሱም እንደዛው ነው፣ ግን ድዱ ላይ ልክክ ካለ ብቻ። በፊዚክሱ ስሌት በመሃል ያለው የምራቅ ክፍተት እጥፍ ሲሆን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 8ኛ እጅ ይወርዳል! ለዚህ ነው ልኬት የሚቻኮል ቦታ ርካሽ ቢሆንም የማልመክረው።

ምራቁም ይለያያል። በጣም ዝልግልግ ከሆነ ተጠራቅሞ ጥርሱን ይገፋዋል፣ አፍ ከደረቀ ደግሞ መያዙም ይቀራል ድድም ይላጣል። እማዬ የግፊትና የአለርጂ መድሃኒት ትወስዳለች፣ ጠዋት ደረቅ ዳቦ ስትቆርስ የታችኛው ብድግ ይልባት ነበር፣ በውሃ አርጥባ ስታደርገው ግን ለትንሽ ጊዜ ይይዝላታል። መድሃኒታችሁን ለሀኪሙ ሳትነግሩ እንዳታሰሩ በጣም አደራ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ለላይኛው ምራቅ ካላችሁ ተራው አክሪሊክ (ፕላስቲኩ) ይበቃል። ያስታውከኛል ብለው ከአርቴፊሻል ጥርሱ ላይ ላንቃ የሚሸፍነውን ክፍል የሚያስቆርጡ አሉ፣ ይቀላል ግን ስፋቱንም ከኋላ ያለውን አየር የሚዘጋ ጠርዝም ታጣላችሁ። ላንቃ ላይ የሚያርፈው በብረት የተሰራው ስስ ነው፣ የምግብ ሙቀትም ያሳውቃል፣ ድድ ሲሟሽሽ እንደገና ልክክ እንዲል ውስጡን ማስሞላት ግን ይከብዳል። ለታችኛው፣ በተለይ ድዱ ለጥ ካለ ወይ አፍ ከደረቀ፣ 2 ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን) ላይ የሚቆለፈውን እመርጣለሁ፣ በ2002 ሞንትሪያል የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም መነሻው እሱ ይሁን ብለዋል። ማጣበቂያ ክሬም አፍ ለደረቀበት ይረዳል፣ በየቀኑ እየጨመራችሁ ከሆነ ግን ጥርሱ ሰፍቷል ማለት ነው፣ ማስሞላት ነው መፍትሄው።

ስትረከቡ የላይኛውን የፊት ጥርሶች ይዛችሁ ወደ ውጭ ገፋ አድርጉት፣ ከኋላ ዱብ ካለ ሳይስተካከል ቀሪውን አትክፈሉ።

እማዬ የላይኛውን በተራው አሰርታ ብሩን ለታችኛው አዋለችው፣ ሽሮ ብቻ የነበረው ምሳዋ አሁን ጥብስም ገብቶበታል።