ጊደሬን ከደብረ ብርሃን ደሴ በሰላም ላደረሰልኝ ሹፌር

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ። ሰውዬው "ስሜን አታውጡብኝ" ብሎ ስለለመነኝ ስሙን አልጽፍም። ምስጋናዬን ግን ሆዴ ውስጥ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ካቻምና የዕቁብ ብር ደርሶኝ ከደብረ ብርሃን አንዲት የተዳቀለች እርጉዝ ጊደር ገዝቼ ነበር። ያኔ ያመጣልኝ መኪና ወለሉ ባዶ ላሜራ ነው፤ ጭድ የለ፣ አሸዋ የለ። መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ዕቃ ጨመረባት። ጣርማበርን ስንወርድ በየኩርባው ስትንሸራተት የሰኮናዋ ድምፅ ጋቢና ድረስ ይሰማኝ ነበር። "እባክህ ቀስ በል" ብለው "ከብት አይደለች እንዴ፣ ትወድቃለች ትነሳለች" አለኝ። ደሴ ስንደርስ ከላይ ገፍተው አወረዷት። በሦስተኛው ቀን ጨነገፈች። ከዚያ በኋላ አልሆነችልኝም፣ በርካሽ ሸጥኳት። ያን ዓመት ልጆቼን ይዤ እንዴት እንዳለፍኩት አላህ ያውቃል።

ዘንድሮ እንደገና ልገዛ ስነሳ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤቴ ናት "ኮምቦልቻ ከብት የሚያውቅ የአይሱዙ ሹፌር አለ" ያለችኝ። ገና ሳንነሳ ማታ ደውሎ "እትዬ፣ ሌሊት 11 ሰዓት እንጫን፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቆላውን እንለፍ" አለኝ። የደጋ ከብት ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ሙቀት እንደሚጥላት ማንም ሳይነግረው ያውቃል! ወለሉን አሸዋ አልብሶ ጭድ ጎዝጉዞበታል። ገመዱን ሳብ ሲያደርጉት ወዲያው በሚፈታ ቋጠሮ አሰረና "ብትወድቅ እንዳያንቃት ነው" አለኝ። ሌላም ብዙ ነገር ሲያስተካክል ነበር፣ እኔ አልገባኝም።

ጣርማበር ላይ ጉም ያዘንና በዝግታ ስንወርድ ሰዓቱ ሄደብን። ከሚሴ ስንደርስ ፀሐዩ እሳት ሆኗል። ጊደሬ ምላሷን አውጥታ ታለከልካለች፤ የ6 ወር እርጉዝ ናት። ማልቀስ ጀመርኩ። "አብሽሩ እትዬ" ብሎ ጥላ ፈልጎ አቆመ። በራሱ ብር 2 ጀሪካን ውሃ አስቀዳ። በተቆረጠ ጀሪካን አጠጣት፣ የቀረውን እግሯና ጀርባዋ ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰላት። እጁን ግንባሯ ላይ አድርጎ "አብሽሪ የኔ እናት፣ ደርሰናል" ይላታል፤ የታመመ ልጅ የሚያስታምም ነው የሚመስለው። ትንፋሿ እስኪመለስ 2 ሰዓት ያህል ቆምን። ሌላ ጭነት የሚጠብቀው ሰው ስልኩን ሲያጣድፈው ሰምቻለሁ። እሱ ግን ከአጠገቧ አልተነሳም።

የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ የመኪናውን ኋላ ከአፋፉ ጋር አስጠግቶ አቆመው። በሩ ሲከፈት ከበረት እንደምትወጣ ሆና በእግሯ ሄዳ ወረደች። ያችን የመጀመሪያዋን አስታውሼ እዚያው አለቀስኩ። ለቆምንበት ልጨምርልህ ብለው እምቢ አለ፤ "ስትወልድ እንገር ያበሉኛል" አለኝ።

የደሴም የኮምቦልቻም ሰው ሆናችሁ ከብት የምታስጭኑ፣ በተለይ እርጉዝ ላም ያላችሁ፣ እባካችሁ ዋጋ ቀነሰ ብላችሁ ላገኛችሁት መኪና አትስጡ። እሱን ጥሩት። እደግመዋለሁ፣ እሱን ጥሩት! ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ፣ ፈቅዶልኛል።

ባለፈው ሳምንት ሴት ጥጃ ወለደችልኝ። እንገሩን በማግስቱ ይዤለት ኮምቦልቻ ወረድኩ።