የቤት ጥገና ለጀማሪ፦ ጀሚናይ፣ ቻትጂፒቲ ወይስ የሱቆቹ ረዳት?

ሜሪላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችንን የገዛን ሰሞን የሽንት ቤቱ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሲንሿሿ ያድር ነበር። ኪራይ ቤት ሳለን እንዲህ ሲሆን ለአከራዩ እንደውላለን። አሁን የሚደወልለት ሰው የለም። ቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ገና ቤት ስለመጣ ብቻ ያስከፍላል። ስለዚህ ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ዲጂታል ረዳቶችን፣ ማለትም ጥያቄ ሲጠየቁ የሚመልሱ የኤአይ ፕሮግራሞችን፣ በየሥራው ሞክሬያለሁ። አዲስ ቤት የገዙ ወዳጆቼ የትኛው ይሻላል እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ለጀማሪ ትልቁ እንቅፋት ስም ነው። የተበላሸው ነገር ፊት ለፊታችሁ አለ፤ ምን እንደሚባል ግን አታውቁም። እዚህ ላይ ጀሚናይ ላይቭ፣ የጉግል ረዳት በድምፅ የሚያነጋግርበት አገልግሎት፣ ይበልጣል። ካሜራውን ከፍታችሁ የታንከሩን ውስጥ ታሳዩታላችሁ፣ “ይሄ ምንድን ነው?” ትሉታላችሁ፣ በድምፅ ይመልሳል። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ካሜራ የማሳየቱ አገልግሎት ከ2025 ጀምሮ ለአንድሮይድም ለአይፎንም በነፃ ነው። ካሜራ ግን መጠን አይለካም። ሜትር ከእጃችሁ አይለይ።

ቻትጂፒቲን የምወደው ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ነው። ምን ይቀድማል፣ ውሃው የት ይዘጋል፣ ምን መሣሪያ ያስፈልጋል የሚለውን በቅደም ተከተል ያስቀምጥልኛል። በአማርኛ ብትጽፉለት በአማርኛ ይመልሳል። የዕቃውን ስም ግን በእንግሊዝኛም እንዲጽፍላችሁ ንገሩት፤ ሱቅ ገብታችሁ “የውሃ መያዣ ላስቲክ” ብትሉ ማንም አይገባውም። የሚከፈልበት ፕላስ በወር 20 ዶላር ነው። አልፎ አልፎ ለሚጠግን ሰው ነፃው ይበቃል፤ ለዚህ ብላችሁ አትክፈሉ።

ሎውስና ሆም ዲፖ የቤት መጠገኛ ዕቃ የሚሸጡ ትልልቅ የአሜሪካ ሱቆች ናቸው። የየራሳቸው ረዳት አላቸው፤ የሎውስ ማይሎው እና የሆም ዲፖ ማጂክ ኤፕረን ሁለቱም የወጡት በማርች 2025 ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ማይሎው የተሠራው ከቻትጂፒቲ ባለቤት ከኦፕንኤአይ ጋር ነው። ጥቅማቸው ምክሩን ከዕቃው ጋር ማገናኘታቸው ነው፤ ይህን ሥራ በየትኛው ዕቃ ልሥራው ስትሉ ሱቁ ያለውን ያሳዩዋችኋል። ነጋዴ መሆናቸውን ግን አትርሱ። ሌላ ቦታ ይረክሳል አይሏችሁም።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ለጀማሪ ጀሚናይ ላይቭን እላለሁ። ዕቃ ልገዛ ስወጣ ደግሞ የሱቁን እከፍታለሁ።

ወደ ሽንት ቤቱ ልመለስ። ታንከሩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርግና ውሃ ሳትለቅ ሩብ ሰዓት ጠብቅ የሚል ምክር አገኘሁ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወረደ። ስለዚህ ጥፋቱ የፍላፐር ነው፤ ታንከሩ ሥር ውሃውን የሚይዘው የላስቲክ ክዳን። ከረዳቶቹ አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ባለ 2 ኢንች ግዛ አለኝ። ገዛሁ። አልገጠመም። የኔ ባለ 3 ኢንች ነበር። ለካ ቀዳዳው ብርቱካን የሚያክል ከሆነ 2 ነው፣ ከዚያ ሰፋ ካለ 3። ሳይጠይቀኝ ነው የመለሰው፤ እኔም አልነገርኩትም። አሁን በየትኛውም ረዳት ላይ ጥያቄዬን የምጨርሰው “ከመመለስህ በፊት ማወቅ ያለብህን ጠይቀኝ” ብዬ ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በረዳቶቹ መካከል ካለው ልዩነት የበለጠ ለውጥ አምጥታልኛለች።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴም ይሄው ገጥሟታል። መደርደሪያ ልትሰቅል ብትጠይቅ “መጀመሪያ ስተዱን ፈልጊ” ተባለች። ስተድ በአሜሪካ ግድግዳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ የሚቆመው እንጨት ነው። የሷ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። የሚያስፈልጋት ድሪልና ፊሸር ነው። እነዚህ ረዳቶች ካልነገራችኋቸው የአሜሪካን ቤት አስበው ነው የሚመልሱት። አገር ቤት ሆናችሁ የምትጠይቁ ከሆነ ግድግዳችሁ ምን እንደሆነና መብራቱ 220 ቮልት መሆኑን አስቀድማችሁ ጻፉ።

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ፈተና ስጧቸው። “ቤቴ በ1965 የተሠራ ነው፤ የመስኮቱን የድሮ ቀለም ፍቄ እንደገና ልቀባ ነው” በሏቸው። አሜሪካ ውስጥ ሊድ ወይም እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ቀለም ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ በተለይ ሕፃናትን ይመርዛል። ቀለሙ ይመርመር ሳይል በቀጥታ ስለ ብርጭቆ ወረቀት የሚያወራላችሁን ረዳት ለዚያ ሥራ አትመኑት።