ለብጉርና ለቦርጭ የምናወጣው ብር፦ የመድኃኒት ቤቱ ቱቦ፣ የኮስሞቲክስ ቤቱ ብልቃጥ፣ የቴሌግራሙ ሻይ

አራት ኪሎ አካባቢ ከምንሠራ ጓደኛሞች መካከል ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት የፊት ክሬም የማይገኝባት የለችም፤ አንዱ ለብጉሩ፣ አንዱ ብጉሩ ትቶት ለሄደው ጥቁር ምልክት። የቢሮ መሳቢያዋን ብትከፍቺ ደግሞ ከቴሌግራም የታዘዘ «የቦርጭ ሻይ» አለ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ለእነዚህ ሦስት ነገሮች በወር የምናወጣውን ደመርነው። ከዚያ በኋላ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው አልነበረም።

ዋጋ በብር አልጽፍልሽም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ቅባት ዋጋው ረግቶ አያውቅም፤ ፒያሳ የጠየቅሽው ሜክሲኮ ስትደርሺ ሌላ ነው። የማወዳድረው በሌላ መንገድ ነው፦ ዕቃው ስንት ቀን ያቆያል፣ ውጤቱ መቼ ይታያል፣ ከተበላሸስ ለማስተካከል ስንት ያስወጣል? ብዙዎቻችንን ያከሰረን ይሄ ሦስተኛው ነው።

ቤንዞይል ወይስ አዳፓሊን?

መድኃኒት ቤት ገብተሽ የምትጠይቂያቸው ሁለት ዋና ቱቦዎች እነዚህ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የቆዳ ቀዳዳ ውስጥ የሚራባውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ቀልቶ መግል ለያዘ ብጉር ጎበዝ ነው። አዳፓሊን ደግሞ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው፤ ቀዳዳው እንዳይደፈን ያደርጋል። ስለዚህ ግንባር ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ለምትሆነው፣ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ለበዛባት ብጉር እሱ ይሻላል።

ቤንዞይል በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ይመጣል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ባለ 10ሩን የምንመርጥ ብዙ ነን። 2.5ቱ ግን ከ10ሩ የሚቀራረብ ሥራ ይሠራል፤ ማቃጠሉና መላጡ ደግሞ ያንሳል። አንድ ጥፋቱ ጨርቅ ያነጣል። የኔ ነጠላ ጥለት በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ በሌላ በኩል ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቀለም ሆኖ ቀርቷል። ማታ ከተቀባሽ ነጭ የትራስ ልብስ ተጠቀሚ።

አዳፓሊን (የተለመደው 0.1 በመቶው ነው) ትዕግሥት ይጠይቃል። አሜሪካ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ይህን ያህል የታመነ መድኃኒት ነው። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትሽ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ብጉሩም ሊብስ ይችላል። ብዙዎቻችን በሦስተኛው ሳምንት «አልተስማማኝም» ብለን ወርውረነዋል። እውነተኛው ውጤት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በደረቀ ፊት ላይ፣ ማታ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለልሽ ተቀቢ፤ ብጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ለመላው ፊት። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነ ግን አይሆንም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለመላው ፊት ግማሽ ግራም አካባቢ ይበቃል፤ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚወጣው መስመር ማለት ነው። የ30 ግራም ቱቦ እንግዲህ ሁለት ወር ሄደ። ዋጋውን ለ60 ስታካፍዪው ቱቦው ከቦምቦሊኖና ከሻይ ጋር መወዳደር ይጀምራል። ለአንዱ ብቻ ብር ካለሽ፣ ቀልቶ ለሚያብጠው ቤንዞይል፣ ለጥቃቅኗ አዳፓሊን። ለሁለቱም ካለሽ ቤንዞይሉ ጠዋት፣ አዳፓሊኑ ማታ።

ክሊንዳማይሲን የሚባለውን ፈሳሽ ወይም ጄል ብቻውን ከሰጡሽ ግን አትውሰጂ። አንቲባዮቲክ ነው፤ ለብቻው ሲቆይ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ከቤንዞይል ጋር ሲሆን ደህና ነው። በሳሊሲሊክ አሲድ የተሠራ የፊት መታጠቢያ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ታጥቦ ለሚሄድ ነገር ብዙ ብር አላወጣም። ለስላሳ ሳሙና ይበቃኛል።

የት ልግዛ ካልሽኝ መጀመሪያ ከነማ መድኃኒት ቤቶችን እጠይቃለሁ። የከተማው አስተዳደር ስለሆኑ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ከሌለ ወደ ግል መድኃኒት ቤት። የትም ግዢ፣ ቱቦው የታሸገ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን እዪ፤ ፀሐይ በሚመታው መስታወት ላይ የተደረደረውን ተዪው።

ከብልቃጥ የሚቀዳው ክሬም

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከፍዬ የተማርኩት ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ኮስሞቲክስ ቤት «የኛ ሚክስ» ብለው ስም በሌለው ብልቃጥ ክሬም ሸጡልኝ። በአምስት ቀን ብጉሬ ጠፋ። በሁለት ሳምንት ፊቴ ቀላ፣ ፈካ፤ ዘመድ ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይል ጀመር። በሦስተኛው ወር ስተወው ፊቴ እንደ እሳት ነደደ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው የማላውቀው ብጉር ወጣ። ብቀባው ይበርዳል፣ ብተወው ይነሳል። የቆዳ ሐኪሟ ብልቃጡን አይታ አልተገረመችም፤ በየቀኑ የምታየው ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ ቅልቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንደ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ ነው። እነዚህ ለተወሰነ የቆዳ በሽታ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። እብጠቱን ስለሚያበርዱት የመጀመሪያ ሳምንታቸው ተአምር ይመስላል። ሲቆዩ ቆዳ ያሳሳሉ፣ የደም ሥር ያወጣሉ፣ ራሳቸው ብጉር ያመጣሉ። ስለዚህ ብልቃጡ የተገዛበት ቀን ርካሹ ነው፤ የኔ ለሐኪም፣ ለመድኃኒትና ለመመላለሻ ታክሲ የወጣው ተደምሮ የብልቃጡን ብዙ እጥፍ ሆኗል። የቱቦ ስሙ «ዞን»፣ «ሶን» ወይም «ሶል» ብሎ የሚያልቅ ነገር «ለብጉር» ተብሎ ከተሰጠሽ፣ ስቴሮይድ መሆን አለመሆኑን ፋርማሲስቱን ጠይቂ። አሁን እየተቀባሽ ያለሽ ካለሽ ደግሞ በአንድ ቀን አትወርውሪው፤ መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ።

ከጓዳ የሚወጣውስ? ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ፊት ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። እሬት ያቀዘቅዛል፣ ብጉር ግን አይነቅልም። እርድ ፎጣ ያቆሽሻል። ይልቅ ከጓዳ የምትቀንሺው ነገር ይጠቅምሻል፦ ሹሩባሽን የምትቀቢው ቅቤ ወይም ቫዝሊን ግንባርሽ ላይ ሲወርድ ቀዳዳውን ይደፍናል። ብጉርሽ የፀጉር መስመርሽን ተከትሎ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ተዪና አንድ ወር እዪው። ነፃ ነው።

ማቅያ ወይስ ሰንስክሪን?

ብጉሩ የተወው ጥቁር ምልክት በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ወራት ይፈጃል እንጂ። የሚያቆየው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ ብርድ ብርድ ቢለንም ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ስለዚህ በማቅያ ክሬምና በሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) መካከል የምትመርጪ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር ሰንስክሪኑን ግዢ። ማቅያዎቹ ውስጥ ሃይድሮኪኖን፣ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል።

ከሰንስክሪን የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጪ። ዚንክ ያለበት ብዙ ጊዜ በጠይም ፊት ላይ አመድ የተነፋበት ያስመስላል፤ በጄል መልክ የሚመጣው ይሻላል። ለፊትና ለአንገት አንድ ግራም አካባቢ ይፈጃል፣ ስለዚህ የ50 ግራሙ በቀን አንዴ 50 ቀን ይሄዳል። ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፤ አልዋሽሽም። ለሱ የማይተርፍሽ ከሆነ ጃንጥላ ያዢ፤ አያቶቻችን በሐምሌም በጥርም ይዘውት የሚወጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለት ነገር ሳልል ላልፍ አልችልም። አንደኛው የወሊድ መከላከያ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ አንዳንዶቻችንን ያወፍራል፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው ደግሞ በአንዳንዶች ላይ ብጉር ያመጣል፤ ሁለት ሆርሞን ያለው የሚዋጥ ኪኒን በተቃራኒው ብጉር ሊቀንስ ይችላል። ችግርሽ የጀመረው መከላከያ ከጀመርሽ ወዲህ ከሆነ፣ ክሬም ከመግዛትሽ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ሌላ ዓይነት ይቀየርልኝ» በይ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ነፃ ነው። ኪኒኑ ግን የደም ግፊት ላለባትና ከብርሃን ብዥታ ጋር የሚመጣ ማይግሬን ለሚያማት አይሰጥም፤ ይህንን ሳትጠየቂም ንገሪያቸው። ሁለተኛው፣ «ለድካም» እያልን የምንወጋው የቢ ቫይታሚን መርፌ ነው፤ ውስጡ ያለው ቢ12 በአንዳንድ ሰው ላይ ብጉር ያስነሳል።

የቦርጭ ሻይና ኪኒን

ሻዩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሰና ነው፤ ሆድ የሚያስኬድ ቅጠል። ሚዛን ላይ ሁለት ኪሎ ይቀንስልሻል፤ የቀነሰው ግን ውኃና ሰገራ ነው፤ ስብ አይደለም። ውኃ ስትጠጪ ይመለሳል። ኮሶ ጠጥቶ የከሳ ሰው ቀጠነ ይባላል እንዴ? ከዚህ የከፋው፣ ተቅማጥ ሲይዝሽ የወሊድ መከላከያ ኪኒንሽም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ስትደጋግሚው ደግሞ ፖታሲየም ወርዶ ልብ ይረብሻል።

«ከዕፅዋት የተሠራ» የሚለው ካፕሱል የበለጠ ያስፈራኛል። ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላም በተለያዩ አገሮች «ተፈጥሯዊ» በሚባሉ የማቅጠኛ ካፕሱሎች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል። ልብሽ የሚመታ፣ አፍሽ የሚደርቅ፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ ካፕሱል ከሆነ አቁሚ። ኦርሊስታት ሕጋዊ ነው፤ ከምትበዪው ቅባት ሲሶ ያህሉ ሳይዋሃድ እንዲወጣ ያደርጋል። ግን በኛ ወጥ ዘይት ላይ ሲጨመር የት እንደሚወጣ አስቢው፤ ከሃያ ሁለት ወደ አራት ኪሎ በታክሲ ለሚመላለስ ሰው አልመክርም።

ከሻዩ ጎን አስቀምጬ የማወዳድረው ተልባ ነው። የተፈጨ ተልባ አንድ ማንኪያ በውኃ፣ ያለ ስኳርና ያለ ማር፣ ከምሳ በፊት። ስብ አያቀልጥም፤ ሆድ ይሞላል፣ ያለ ተቅማጥም ያዘልቅሻል። ዋጋው ደግሞ ከቴሌግራሙ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጂም ወይስ አስፋልቱ?

መጀመሪያ ሚዛኑ። መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ተመዘኚ። ቁመትሽ 1 ሜትር ከ60 ከሆነ፣ ከ48 እስከ 63 ኪሎ ድረስ ጤናማ ነሽ። ካለሽበት ምንም መግዛት አያስፈልግሽም፤ ይህን የምለው የመሥሪያ ቤታችን ሻይ ጠጪዎች ግማሾቹ እዚህ ውስጥ ስለሆኑ ነው።

መቀነስ ካለብሽ ግን አንድ ቁጥር ያዢልኝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ፈጠን ብላ ግማሽ ሰዓት ብትራመድ የምታቃጥለው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ወርደሽ አንድ ማንኪያ ዘይት አቃጠልሽ ማለት ነው። ጾም ያቀጥናል ብለን ሽሮውን በዘይት የምናስዋኝ፣ ከዚያም ሳምቡሳ የምንጨምር ለዚህ ነው ፋሲካ ሲደርስ ሚዛኑ ቆሞ የሚጠብቀን። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ሻይ በቀን ሦስቴ ከጠጣሽ ሌላ 140 ካሎሪ ነው። የለስላሳ ጠርሙሱ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ስኳር ሲቀንስ ደግሞ ብጉርም የሚሻለው ሰው አለ፤ ከሁለቱም ገበያ አንድ ላይ የምታተርፊበት ብቸኛው ነገር ይሄ ነው፣ ያውም ሳትገዢ።

ጂሙን አልጠላም። ክብደት ማንሳት ጡንቻ ያቆያል፤ ክረምት ላይ ዝናቡ አይመታሽም፤ ከሥራ በኋላ መሽቶ ብቻዬን ከምሮጥ እሱን እመርጣለሁ። ግን የዓመት አትክፈዪ፤ የወር ክፈዪ። እዚያው የሚሸጡት የዌይ ፕሮቲን (ከወተት የሚሠራ ዱቄት) ብጉር ሊያስነሳ እንደሚችልም እወቂ፤ ሁለቱን ችግር ይዛ ለገባች ሴት መጥፎ ግብይት ነው። ለመጀመር ያህል አስፋልቱ ይበቃል። በ2016 ዓ.ም ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ከፒያሳ በአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ያለው የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፤ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው አይጠፋም፣ ጃንሜዳም ቅርብ ነው። ጥሩ ጫማ ግዢ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነስሽ በትክክል እየሄድሽ ነው።

አንድ ሁኔታ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ብጉሩና ውፍረቱ አብረው ከመጡ፣ የወር አበባሽ ከተዛባ፣ አገጭሽ ላይ ጠጉር መብቀል ከጀመረ፣ የቱንም አትግዢ። የእንቁላል እጢ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቀበሌሽ ባለው ጤና ጣቢያ ካርድ አውጪ፤ ካስፈለገ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ለቆዳው ወደ አለርት ሪፈር ይጽፉልሻል። ከመሄድሽ በፊት ያለፉት ስድስት ወራት የወር አበባሽ የመጣባቸውን ቀኖች ወረቀት ላይ ጻፊ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። የምትቀቢውንም ብልቃጥ ይዘሽ ሂጂ፣ ስም ባይኖረውም።