የውጭ መዝገብ ያዥ አገልግሎት፦ አድራሻው ገላገለን፣ ፍለጋው ግን አሳፈረን

የፊልም አምራቾችን መዝገብ በራሱ ቢሮ ስለሚይዝ አንድ ድርጅት ይሄን የምጽፈው እንደኔ እዚህ ሎስ አንጀለስ የሰው ሂሳብና ወረቀት እየያዛችሁ ለምትኖሩ ነው፣ በተለይ ደንበኞቻችሁ ውስጥ የአዋቂ ፊልም የሚሰሩ ካሉ። ምን እንደምሰራ ሲሰማ ፊቱን የሚያዞር ሰው አለ፣ እኔ ግን የምይዘው ወረቀት ካሜራ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ 18 ዓመት የሞላው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ነው፣ ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ወረቀት እጄ ገብቶ አያውቅም።

ደንበኞቼ ባልና ሚስት ናቸው፣ ቤታቸው ቀርጸው በራሳቸው ዌብሳይት ነው የሚሸጡት። ሕጉን ሁሉም 2257 እያለ በቁጥሩ ነው የሚጠራው፣ በ1988 የወጣ የፌደራል ሕግ ነው። አምራቹ የእያንዳንዱን ሰው መታወቂያ ከቀረጻ በፊት ያያል፣ የሚነበብ ኮፒ ያስቀራል፣ ትክክለኛ ስሙንና የልደት ቀኑን ይመዘግባል፣ ከዛ በፊት የተጠራበትን ስም ሁሉ ማለትም የድሮ የአባት ስም፣ የመድረክ ስም፣ ቅጽል ስም ሳይቀር ያስገባል፣ ከዛ በየትኛውም ስም ተፈልጎ እንዲገኝ አርጎ 7 ዓመት ያስቀምጣል። ዌብሳይቱ ላይ ደግሞ መዝገቡ የት እንዳለ የመንገድ አድራሻ መጻፍ አለበት፣ ፖስታ ሳጥን ቁጥር አይሆንም።

እዚች ጋ ነው ጣጣው። ቤቱ ለሚሰራ ሰው አድራሻው የመኝታ ቤቱ አድራሻ ነው። አንድ ቀን ማታ ሚስትየዋ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ አንድ የማታውቀው ሰውዬ በመድረክ ስሟ ጠራት፣ በነጋታው ስትደውልልኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። በ2008 የወጣው ደንብ መዝገቡን ሶስተኛ ወገን እንዲይዝ ስለፈቀደ ያኔውኑ ይሄን አገልግሎት ፈልጌ አስገባኋቸው። ስሙን አልጠራም፣ ገበያ ላይ ተመሳሳዮቹ ብዙ ናቸው፣ የማወራው አንድ ዓመት ተኩል ስላየሁት ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። አድራሻው የእውነት ቢሮ ነው፣ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ሰው አለበት፣ ደንቡ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ክፍት ይሁን የሚለውን ያሟላሉ። የቤቱ አድራሻ ከዌብሳይቱ በወረደ ቀን ሚስትየዋ አለቀሰች፣ ለዚህ ብቻ በወር የምንከፍለው 85 ዶላር አይቆጨኝም። አፕሎድ ማድረጉም ቀላል ነው፣ በስልክ ፎቶ አንስተህ ትልካለህ፣ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል፣ አለቀ።

ችግሩ የመጣው ከመንግሥት መርማሪው ከኤፍቢአይ አይደለም፣ ከካርድ ክፍያ አቀናባሪው ነው። ማስተርካርድ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ማንነት፣ ዕድሜና ፈቃደኝነት የሚያሳይ ሰነድ መኖሩን ባንኮች እንዲያረጋግጡ ስላስገደደ አልፎ አልፎ ናሙና ይጠይቃሉ፣ እኛን የ6 ቪዲዮ ሰነድ በ48 ሰዓት አምጡ አሉን። አምስቱን ወዲያው አገኘሁ። ስድስተኛው ቪዲዮ ላይ ያለችውን ሴት በመድረክ ስሟ ፈለኳት የለችም፣ በድሮ ስሟ ፈለኳት የለችም፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በቀረጻው ቀን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስሄድ አገኘኋት፣ ከሁለት ዓመት በፊት አግብታ ስሟን ቀይራለች፣ ሲስተሙ ደግሞ ሰርች የሚያደርገው መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው! ሌሎቹን ስሞች እኔ ራሴ ሞልቼ ነበርኮ፣ ማስታወሻ የሚል ሳጥን ውስጥ ከቷቸው ተቀምጧል። ሕጉ ይሄን ሁሉ ስም ጻፉ ያለው እኮ በስሞቹ እንዲፈለግ ነው።

ከዛ የባሰውን አየሁ። መንጃ ፈቃዷን አጉልቼ ስከፍተው የፍላሹ ነጸብራቅ ልክ የልደት ዓመቱ ላይ አርፏል። ወሩ ይነበባል፣ ቀኑ ይነበባል፣ ዓመቱ ነጭ ነው። ጎኑ ላይ ያቺው አረንጓዴ ምልክት።

ስደውል ያነሳው ልጅ በጣም ትሁት ነበር፣ አረንጓዴው ፋይሉ ደርሶናል ማለት ነው እንጂ አንብበነዋል ማለት አይደለም አለኝ። እኔ አንድ ሰው አይቶት ያለፈ መስሎኝ ነበር። ውሉን አውጥቼ ሳነበው እውነትም የሚለው እናስቀምጣለን ብቻ ነው፣ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፣ መዝገቡን ለሌላ ሰው መስጠት አምራቹን ከተጠያቂነት አያወጣውም፣ የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 5 ዓመት እስር አለው።

ፍተሻ ድሮ ቀረ የሚሉም አሉ። በ2006 እና 2007 ኤፍቢአይ አምራቾች ቢሮ እየሄደ መዝገብ ያይ ነበር፣ ከዛ ቆመ፣ በ2015 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያለማዘዣ መፈተሽ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ይጥሳል ብሎ ወሰነ፣ ክርክሩ እስከ 2020 ቀጠለ። ሕጉ ግን እስካሁን አልተሻረም። ገርልስ ጎን ዋይልድ የሚባሉትን የአዋቂ ቪዲዮዎች ይሰራ የነበረው ማንትራ ፊልምስ በ2006 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያመነው በዚሁ በመዝገብ አያያዝ ነው። ደግሞ መርማሪ መጣ አልመጣ፣ ዓመቱ የማይነበብ መታወቂያ ለማንም ምንም አያረጋግጥም፣ ሴትዮዋን ራሷንም አይጠብቃትም።

እንግዲህ ለአድራሻ የምትፈልጉት ከሆነ ግቡበት፣ ለዛ አምስት ከአምስት። ለመዝገብ ከሆነ ሁለት፣ እሱም ፋይል ስላልጠፋብን ነው። እኔ አሁን የራሴን ሰንጠረዥ ይዣለሁ፣ ስም በስም፣ ቪዲዮ በቪዲዮ ከነሊንኩ፣ እያንዳንዱን መታወቂያ ከመላኬ በፊት አጉልቼ አነባለሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት እናንተም አንድ ፋይል ላኩና በመድረክ ስም ፈልጉት፣ ካልመጣ ተዉት።

ቪዲዮውን ለጊዜው አወረድነው። ሴትዮዋ ኔቫዳ ነው ያለችው፣ በሳምንቱ ለስራ ስትመጣ ያንኑ መንጃ ፈቃድ ይዛ መጣች፣ መስኮት ጋ አስቀምጬ ያለፍላሽ አነሳሁት። 1991 ይላል፣ ጥርት ብሎ።