ስድብ የሚያስቀጣው ጀበና ቤት

ጅማ መርካቶ አካባቢ በርጩማ ደርድረው ጀበና ቡና የሚሸጡ ቤቶች ሞልተዋል። ይቺኛዋ ታፔላ እንኳ የላትም። ቡናው አሪፍ ነው፤ ጤና አዳምም አይጠፋም። ስኒዋ ግን ትንሽ ናት፤ የከሰሉ ጭስም ዓይን ያቃጥላል። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚሄደው ለሙግቱ ነው።

በቀደም አንድ የጎማ ወረዳ ልጅና አንድ የቦንጋ ልጅ ገጠሙ። ጉዳዩ ያው የማያልቀው ነው፦ ቡና መጀመሪያ የተገኘው ጎማ ውስጥ ያለችው ጮጬ ነው ወይስ ቦንጋ ያለችበት ካፋ?

የቦንጋው፣ "ታዲያ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ለምን ቦንጋ ተሠራ?" አለ።

የጎማው፣ "ሙዚየም በጀት ባለበት ይሠራል፤ ቡና ጫካ ባለበት ይበቅላል" ብሎ መለሰ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሽሙጥ ነው፤ ግን ውስጡ መልስ አለ። እንዲህ ያለውን እኔም እወዳለሁ፤ ሙግት ያለ ጨው አይጥምም።

አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ ደግሞ ረጋ ብለው ገቡ። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የካፋንም፣ ኢሉባቦር ያለውን የያዩንም ደን በባዮስፌርነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ተጠብቆ በሚያዝ ሥፍራነት፣ መዝግቧል፤ ሁለቱም ጋ የጫካ ቡና አለ አሉ። "ዛፉ ዞን አያውቅም። ዞኑን ያሰመርነው እኛ ነን።"

ይሄኔ አንድ ቡና ነጋዴ ወደ ጎማው ልጅ ዞሮ፣ "አንተ ባጃጅህን ንዳ፤ ስለ ቡና የሚያውቅ ይናገር" አለው። ሳቁ ከበፊቱ ባሰ። ልጁ ዝም አለ። ተረትቶ እንዳይመስላችሁ። ባጃጅ መንዳቱን ምን ብሎ ያስተባብል? ሐሳቡን እኮ የነካበት የለም።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ጀበናውን አስቀመጡ። ድሮ የሰደበ ለተሰዳቢው ቡና ይከፍል ነበር። ይኸው ነጋዴ ነው ያንን ሕግ ያፈረሰው፤ ገና ሲገባ ብሩን አስቀምጦ "የዛሬውን ስድብ ሒሳብ ያዙልኝ" ይል ጀመር። አሁን ቅጣቱ ሌላ ነው። የሰደብከው ሰው ያለውን በራስህ አፍ ትደግማለህ፤ እሱ "አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት" እስኪል ቶና አይቀዳልህም።

ነጋዴው ጀመረ። "ሁሉም ነገር የኛ ነው ነው የሚለው።"

"መቼ ወጣኝ?" አለ ልጁ።

ነጋዴው እያጉረመረመ አስተካከለ። ሙዚየም ማስረጃ አይሆንም፤ መታየት ያለበት ጫካው ነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ነጋዴው ስኒውን እየዘረጋ፣ "ቆይ፣ ጫካማ ካፋም አለው። ታዲያ ጮጬን በምን ለየኸው?" አለ። ይቺ ጥያቄ ናት! ልጁ አሰበ፤ የቦንጋውም አብሮ አሰበ። ሰውየው ይሄን ጥያቄ ያገኘው የልጁን ነገር ለመድገም ሲገደድ ነው።

ይኸው ሰው ቲክቶክ ላይ ሲከራከርም አይቼዋለሁ። እዚያ ቶና የሚከለክለው የለም። "መጀመሪያ አማርኛ ቻል" ብሎ አንዱን ይዘጋዋል፤ ላይኩን ይለቅማል፤ አለቀ።

የማልወደው ነገር፣ እትዬ በሌሉ ጊዜ የሚቀዳው ልጅ ራሱ ለተሳዳቢው ያጨበጭባል። ያኔ ቤቱ የጉልቤ ነው። ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። ከአስር ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ መጀመሪያ ግን እትዬ መኖራቸውን በበሩ አጮልቃችሁ እዩ።