የሆላንድ ዓይነት የቤተሰብ ሥዕል በደሴ፦ ሸራው ጥሩ፣ ምልክቱ ግራ

ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ለሠርግ፣ ለኒካና ለክርስትና ማስታወሻ የሚሆን አዲስ ሥራ ይዞ መጥቷል። ቤተሰቡን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቁሞ ያነሳል፤ ከዚያ በኮምፒውተር 17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሥዕል ውስጥ አስገብቶ ሸራ ላይ ያትማል። የእጅ ሥራው ንጹሕ ነው። ፊት አይገረጣም፣ ሸራው ሳይሸበሸብ ተወጥሯል፣ ጥቁሩም ወደ ቡኒ አላደላም። የጥቁሩ ነገር ቀላል አይደለም፤ የሆላንድ የቤተሰብ ሥዕል ግማሹ ጥቁር ልብስ ነው። ቅሬታው ሌላ ነው። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ይናገራል፤ ፎቶ ቤቱ የሚሸጠው ግን ምን እንደሚናገር ሳያውቅ ነው።

ከበሩ ፊት ለፊት የተሰቀለው ናሙና «ደስተኛው ቤተሰብ» ይባላል። መነሻው ያን ስቴን በ1668 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሠራው፣ አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ያለው ሥዕል ነው። አያት ትዘፍናለች፣ አባት ብርጭቆ አንስቷል፣ ልጆቹ ፒፓ ያጨሳሉ፣ ወይን ይቀማምሳሉ። ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለችው ወረቀት ላይ «ትልልቆቹ እንደዘፈኑ ትንንሾቹም ይነፋሉ» የሚል የሆላንድ ተረት ተጽፏል። ከእኛ «ዘር ከልጓም ይስባል» ጋር አይምታታ፤ ስቴን የሚነቅፈው ደሙን ሳይሆን አስተዳደጉን ነው። ሆላንዶች እስከ ዛሬ የተዝረከረከን ቤት «የያን ስቴን ቤት» ይሉታል። ፎቶ ቤቱ ሰዎቹን አውጥቶ ፒፓውንም፣ ዝርክርኩንም፣ ወረቀቷንም እንዳሉ ትቷቸዋል። ልጆቻቸውን በወግ ያሳደጉ እናት ነጭ ለብሰው እዚያ መሃል ሲቀመጡ ሥዕሉ ስድብ ይሆናል። ይህን ናሙና ይተዉት።

«የአትክልት ቦታው» የሚባለው ግን ገንዘቡን ያወጣል። የተቀዳው ፍራንስ ሃልስ በ1622 ገደማ ኢሳክ ማሳንና ባለቤቱን ቤያትሪክስን ከሳለበት፣ 140 በ166.5 ሳ.ሜ ከሆነው ሸራ ነው። ባል እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። ሚስት ትከሻውን ተደግፋ ቀለበቷን በአመልካች ጣቷ ታሳያለች። ዛፉ ላይ የተጠመጠመው፣ ቅጠሉ የማይረግፈው ሐረግ መተሳሰርን ይናገራል። በባል በኩል ያለው እሾሃም ተክል ደግሞ በደችኛ ስሙ «የወንድ ታማኝነት» እንደማለት ነው፤ ኮሸሽላ ለሚያውቅ የወሎ ሰው መልኩ እንግዳ አይሆንም። ከኋላ የሚታዩት ጣዎሶች የሮማውያን የትዳር አምላክ የዩኖ ወፎች ናቸው። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሸራው ፍሬሙ ላይ ሲታጠፍ ከአራቱም ጎን 4 ሳ.ሜ ያህል ይበላል፤ እሾሁ ያለው በግራ ጠርዝ ስለሆነ ታጥፎ በጎን ይቀራል። የባልየው ታማኝነት ወደ ግድግዳው ዞረ ማለት ነው። ከመታተሙ በፊት «በየጎኑ ትርፍ ጀርባ ጨምሩ» ይበሉ፤ በኮምፒውተር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ቀኝና ግራም አለ። በሆላንድ ልማድ ባል በሚስቱ ቀኝ ይቆማል፤ ለሚያየው ሰው በግራ በኩል ማለት ነው። በናሙናዎቹ ብርሃን የሚመጣው ከግራ ሲሆን ስቱዲዮው መብራቱን ከቀኝ አቁሟል። ጥላው አልገጥም ሲል ባለሙያው ፎቶውን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል። ያኔ ባልና ሚስት ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የልብስ ቁልፍ በተቃራኒ ይዘጋል፣ ፀጉር የተከፈለበት ጎን ይቀየራል፤ ቤተሰቡም «ፊቱ እሱን አይመስልም» እያለ ምክንያቱን ያጣዋል። መፍትሔው ከመነሳት በፊት መብራቱን ወደ ግራ ማዞር ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ከሆላንድ አልመጣም። በሆላንድ ሥዕል አንገት ላይ የሚታየውን የዳንቴል ኮሌታ ለመምሰል ሲባል ፎቶ ቤቱ የተነሺዎቹን የነጠላ ጥለት ወደ ላይ አዙሮ አንገት ሥር አድርጎላቸዋል። በፎቶ ያምራል፤ ጥለቱ ፊትን ያደምቃል። ግን ነጠላ ዘቅዝቆ መልበስ ለቅሶ ነው። ሠርግ ብሎ የታዘዘው ሸራ ሳሎን ሲሰቀል የመጀመሪያዋ እንግዳ «ማን ሞተባችሁ?» ማለቷ አይቀርም። ጥለቱ ከታች ይሁን።

ለማስያዣ የሚሰጡት የፕላስቲክ የወይን ዘለላም አያያዝ አለው። ሰው ሁሉ በመዳፉ እንደሚበላ አድርጎ ይይዘዋል። በሆላንድ ሥዕል ዘለላው የሚንጠለጠለው በዘንጉ፣ በሁለት ጣት ነው። የበሰለ ወይን ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ጣት ሲነካው ይጠፋል፤ ገጣሚው ያኮብ ካትስ ይህን የሴት ልጅ ክብር ምሳሌ አድርጎታል፣ ዘንጉ ደግሞ ጋብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ፕላስቲኩን ትቶ የወይራ ቅርንጫፍ ማምጣት ይሻላል። መዝሙር 128 (በግእዙ ቁጥር 127) ሚስትን በወይን፣ በማዕድ ዙሪያ ያሉ ልጆችን በወይራ ተክል ይመስላል፤ የሆላንድ ሠዓሊዎችም ከዚሁ ቀድተዋል። ደግሞም ወይራን በወሎ የማያውቅ የለም፣ የወተት ዕቃው የሚታጠነው በእሱ ነው።

የሞተ ዘመድ ማስገባት ተጨማሪ ክፍያ አለው። ፎቶ ቤቱ ሟቹን ክንፍ አውጥቶለት ደመና ላይ ያስቀምጠዋል። ልማዱ እውነተኛ ነው፤ ያን ማይተንስ በሳለው የፋን ደን ኬርክሆፈን ቤተሰብ ሥዕል የሞቱት ሕፃናት ከላይ እንደ መላእክት ይበርራሉ። ነገር ግን እነዚያ ሕፃናት ናቸው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ክንፍ ሲያወጡ ያስቃል፤ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብም ይህን አይፈልግም። የሆላንዱ ሠዓሊ የያን ደ ብራይ መንገድ ይሻላል። ወላጆቹን እንደ ሮማዊው የጦር መሪ አንቶኒዮስና እንደ ግብፅ ንግሥት ክሊዮፓትራ አድርጎ፣ ልጆቻቸውንም ጨምሮ በ1652 ማዕድ ላይ ሳላቸው (ለትዳር ምሳሌነት እነዚያን ሁለቱን መምረጡ ራሱ ይገርማል)። በ1663 እና 1664 ወረርሽኝ ወላጆቹንና በርካታ እህት ወንድሞቹን ከወሰደ በኋላ በ1669 ያንኑ ትዕይንት ደገመው፤ ሙታኑ ያለ ክንፍ፣ ከቀሩት ጋር ማዕድ ላይ ናቸው። ፎቶ ቤቱ ሲጠየቅ ይህንንም ይሠራል። ከመታወቂያ የተቆረጠች ፎቶ ግን አትበቃም፤ 90 ሳ.ሜ ሸራ ላይ 10 ሳ.ሜ የሚሆን ፊት ቢያንስ 600 ፒክስል ቁመት ይፈልጋል።

60 በ90 የሚያዝዝ ሰው ፎቶ የሚልክ ከሆነ ረጅሙ ጎን 5300 ፒክስል ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ወደ 1280 ሊወርድ ይችላል፤ ያ በአንድ ኢንች 36 ነጥብ ብቻ ነው፣ ዓይን ይፈዝዛል። እንደ ፋይል ይላኩት። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የመጨረሻውን ምስል በስክሪን አሳዩኝ ይበሉ፤ ያሳያሉ፣ ካልተጠየቁ ግን አያነሱትም። ቫርኒሽ ያስቀቡ። ረከቦት ከሚቀመጥበት በላይ ከተሰቀለ የዕጣኑ ጭስ ባልተቀባ ሸራ ውስጥ ይገባል፣ በጨርቅም አይለቅም። ወደ ወልዲያ ወይም ኮምቦልቻ የሚጓዝ ከሆነ ያለ ፍሬም ይረከቡና ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርገው ወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቅልሉት፤ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ሲዘረጋ ቫርኒሹ ይሰነጠቃል።