ጋሼን እናመሰግናለን፤ ቤታቸውም አልተዘጋም

ጎንደር ውስጥ በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን በእጁ የነካ ሁሉ ጠጋኙን ጋሼን ያውቃቸዋል። ነገ አርባቸው ነው፤ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። የሳይንስ ክበባችን ይህን ምስጋና በሕይወት እያሉ ማቅረብ ነበረበት፤ ዘገየን። «ከእንግዲህ ማን ይጠግንልናል?» የምትሉም ስለበዛችሁ ጥቆማውን አብረን እንጽፋለን።

እሳቸው ጋ ከመድረሱ በፊት የክበባችን ተማሪዎች አውሮፕላን ያላየው መከራ የለም። ስሙን የማንጠራው ጥገና ቤት የተሰነጠቀውን ጭራ በወፍራም ፕላይውድ ደግፎ፣ በሆት ግሉ ለቅልቆ መለሰው። ገና ሲነሳ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይቀስራል፣ ፍጥነት ያጣል፣ ባንድ ክንፉ ተደፍቶ ይከሰከሳል። ብንመልሰው «ሞተሩ ደካማ ነው፣ ሌላ ግዙ» አሉ። ሌላው ቦታ ደግሞ ይብሳል፦ ባለ 3 ሴሉን ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሴሎቹን የሚያመጣጥነውን ቀጭን ገመድ ሳይሰኩ ቻርጅ ላይ አሳድረውት እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ጠበቀን። ገንዘቡ አልተመለሰ፣ ይቅርታ የሚልም አልተገኘ።

ጋሼ መፍቻ እንኳ አላነሱም። ሁለት ጣታቸውን ከክንፉ ሥር፣ ከፊት ጠርዙ 5 ሳንቲሜትር ገባ ብለው ደገፉት፤ ጭራው ዱብ አለ። በቃ፣ ምርመራው ይኸው ነበር። ክንፉ ከፊት ወደ ኋላ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ ሚዛኑ ከፊት ጠርዙ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ላይ መቆም አለበት፤ የዚህኛው ወደ 8 ተጠግቷል። ጭራ ከሚዛኑ ነጥብ ሩቅ ስለሆነ እዚያ የገባች 1 ግራም አፍንጫ ላይ 2፣ አንዳንዴም 3 ግራም ታስከፍላለች። ስለዚህ አፍንጫውን ከመጫን በፊት ጭራውን ማቅለል። ፕላይውዱን ነቀሉ፣ ሙጫውን ፍቀው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ፣ ስንጥቁን በስስ የቀርከሃ ስንጥር ያዙት። ለቀረችው ልዩነት ከኪሳቸው ሦስት የአንድ ብር ሳንቲሞች አውጥተው አፍንጫው ውስጥ በፕላስተር ለጠፉ፤ 20 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ሂሳብ ሲጠየቁ «ሦስት ብር» አሉ። ሌላ ነገር አልተቀበሉም።

የከተማችንን አየር የሚያውቁት እንደ እጃቸው መዳፍ ነበር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ዕቃ ላይ ተጽፎ የሚመጣው መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። ዝቅ ባለ አገር 700 ግራም የሚሸከም ክንፍ እዚህ ከ560 ባያልፍ ይመረጣል፤ ካለፈ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ሲያርፍም ይፈጥናል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጁ አየር አጠረኝ ብሎ አይደክምም፤ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ግን ይቀንሳል። ለዚህ ባለ 9 ኢንቹን በባለ 10 ይቀይሩታል፤ ቀይረውም የሚስበውን አምፔር ሳይለኩ አያስነሱም።

ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራበት ቀላሉ ባልሳ እንጨት ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ ነው፣ ገበያችን ላይ የለም። እሳቸው አላለቀሱም፤ ክንፉን ከ5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ፣ አጥንቱን በደንብ ከደረቀ የእንጅባራ ቀርከሃ ይሠሩታል። እርጥብ ቀርከሃ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ክንፉንም ይዞት ይጣመማል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ፎሙን ይበላዋል፤ ስንቱ ልጅ ክንፉ በእጁ ላይ ሲቀልጥበት ደንግጧል መሰላችሁ! ለፎም ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ቸኩላችሁ እንደሆነ ስስ ሆት ግሉ፤ አበቃ።

የሚያበሩት ማለዳ ነው፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። መሬቱ ከሞቀ በኋላ አየሩ ይፈላል፣ ቀላል አውሮፕላን ያንገላታል። አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ፈጽሞ፤ ለሚመለከተው ሳያሳውቁ ደግሞ የትም። ሁልጊዜ ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ ባትሪው ቀጥሎ ይሰካል፤ ሲዘጋ ግልባጩ ነው። የሪሞቱ ዱላ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ አይለሮን፣ ማለትም በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተነቃናቂ ክፍል፣ ካልተነሳ በረራ የለም። ይህን የሁለት ሴኮንድ ፍተሻ ንቆ አውሮፕላኑን በከረጢት ለቅሞ ወደ ቤት የሚመለስ ዛሬም ሞልቷል።

አሁን ወደ ጥቆማው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ «የአውሮፕላኑ ቤት» ብላችሁ ጠይቁ፤ አብሯቸው ሲሠራ የኖረው ተማሪያቸው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። እጁ የሳቸው እጅ ነው። ባትሪ ብትሰጡት እያንዳንዱን ሴል ለብቻው ለክቶ ይነግራችኋል፦ ሙሉ 4.2 ቮልት፣ ለማስቀመጥ 3.8፣ ከ3.5 በታች ሲወርድ ማረፍ። ያበጠውን «ይሠራል» ብሎ አይመልስላችሁም፤ ከነምክንያቱ ነግሮ ያስወግደዋል። የማይጠገን ከሆነም ሳይነካው ይናገራል፣ ለማየት ብቻ ገንዘብ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቶች፣ የሳይንስ ክበቦች፣ ለልጁ አውሮፕላን ገዝቶ የተሰበረበት ወላጅ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ከመንከራተታችሁ በፊት እሱን እዩት። እባካችሁ። ክረምት ሳይገባ ሂዱ፤ ዝናቡ ከጀመረ ቀርከሃውም ኮላውም ቶሎ አይደርቅም።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ አውሮፕላን ለፍተሻ ወሰድንለት። ሦስቱ ሳንቲሞች አሁንም አፍንጫው ውስጥ ናቸው። የጋሼ መታሰቢያ ነውና አውጥተህ አስቀምጣቸው ብንለው በሁለት ጣቱ ክንፉን ደግፎ አየውና እንቢ አለ፤ ጭራው ይከብዳል።